ከመርፌው በፊት ምስሉ፦ የፕሮስቴት ካንሰርን የመፈለግ የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ

ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት ሴት መጀመሪያ ራጅ ትነሣለች፤ መርፌው የሚገባውም ራጁ ባሳየው ቦታ ላይ ነው። በሳንባም፣ በጉበትም፣ በኩላሊትም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ይወጋል። ፕሮስቴት ግን ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከዚህ ሕግ ውጭ ሆኖ ቆየ። የደም ምርመራው አጠራጣሪ የሆነበት ወንድ፣ ካንሰሩ የት እንዳለ፣ ጨርሶ ይኑር አይኑር ሳይታወቅ መርፌ ይገባበታል። መርፌው ካንሰር ላይ ካረፈ በሽተኛ ይባላል፤ ካላረፈ «ነፃ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ አሠራር ለምን ያን ያህል ዘመን እንደ ቆየና በምን እንደ ተለወጠ ማወቅ፣ ዛሬ ስለ አዲሶቹ የምስል መሣሪያዎች ለሚደረገው ክርክር ከመሣሪያዎቹ የዋጋ ዝርዝር የበለጠ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ የሚጀምረው ከእጢው ከራሱ ነው። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሽንት ቧንቧን የሚከብ፣ በጤናማ ጎልማሳ ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ እጢ ነው። ካንሰር ባይኖርበትም ከዕድሜ ጋር ያብጣል። ካንሰሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ጠጠር ተለይቶ የሚቆም ሳይሆን ከጤናማው ሥጋ ጋር ተሰባጥሮ የሚበቅል ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በሌላ ምክንያት በሞቱ አረጋውያን አስከሬን ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ዕድሜያቸው 80 ከደረሰ ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳያውቁት የፕሮስቴት ካንሰር ይዘው ኖረዋል። ስለዚህ ፈላጊው ሁለት ስሕተቶችን በአንድ ጊዜ መጠንቀቅ አለበት፤ የሚገድለውን ማጣትና የማይገድለውን ማግኘት። ሕክምናው ለረጅም ጊዜ የፈራው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጃፓናዊው ሐኪም ሂሮኪ ዋታናቤ የአልትራሳውንድ መሣሪያ በወንበር ላይ ተክለው፣ ሕመምተኛው ሲቀመጥ በፊንጢጣ በኩል የሚገባው ጫፍ የፕሮስቴትን ምስል እንዲያወጣ አደረጉ። ለሕክምና ሥራ የሚበቃ የፕሮስቴት ምስል በዚህ መንገድ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ተስፋውም ትልቅ ነበር፤ ካንሰሩ በአልትራሳውንድ ጠቆር ብሎ ይታያል ተብሎ ታመነ። ውሎ አድሮ ግን ብዙው ካንሰር ከአካባቢው ሥጋ የማይለይ መልክ እንዳለው፣ ጠቆር ያለው ሁሉ ደግሞ ካንሰር እንዳልሆነ ታወቀ። አልትራሳውንድ የእጢውን ዳርቻ በትክክል ያሳያል፤ በውስጡ ያለውን በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም።

የታሪኩ ሁለተኛ ክር የመጣው ከምስል ሳይሆን ከደም ነው። በ1979 በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ በሚገኘው ሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ተቋም፣ በቲ. ሚንግ ቹ የሚመራው የምርምር ቡድን ፒኤስኤ የተባለውን ፕሮቲን ከፕሮስቴት ሥጋ አጣርቶ አወጣ። በ1987 የስታንፎርዱ ቀዶ ሐኪም ቶማስ ስቴሚና ባልደረቦቻቸው በደም ውስጥ ያለው የፒኤስኤ መጠን ከካንሰሩ ስፋት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳዩ። ሁለቱን ክሮች ያገናኘው ከዚያው ከስታንፎርድ በ1989 የወጣ ጥናት ነው። ሆጅ፣ ማክኒል፣ ቴሪስና ስቴሚ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከእጢው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ናሙና በተወሰነ ርቀት መውሰድ፣ አጠራጣሪ የመሰለውን ቦታ ብቻ ከመውጋት ይልቅ ብዙ ካንሰር እንደሚያገኝ አረጋገጡ።

ይህ ውጤት እንደ ድል ተቆጠረ፤ በውስጡ ያለው የሽንፈት ቃል ግን ብዙ ትኩረት አላገኘም። ምስሉ በሽታውን ስለማያሳይ ከምስሉ ይልቅ ስርጭቱ የተመጣጠነ ናሙና ይሻላል ማለት ነበርና። የተሟላ መዝገብ በሌለበት አገር የቤተሰብ ገቢ በናሙና ይጠናል፤ ናሙናው ስለ አገሩ አማካይ ብዙ ይናገራል። በአንድ መንደር ውስጥ የተሸሸገን አንድ ሰው ለማግኘት ግን ናሙና የሚመረጥ መንገድ አይደለም። የናሙናው ቁጥር ከስድስት ወደ አሥር፣ ወደ አሥራ ሁለት አደገ። መርፌው ከኋላ ስለሚገባ የእጢው የፊት ክፍል ሳይነካ ይቀር ነበር። በፊንጢጣ በኩል ስለሚያልፍም ጥቂቶቹን ታካሚዎች ወደ ደም የሚዛመት ኢንፌክሽን ይዞ ሆስፒታል ያስተኛቸው ነበር።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1994 ፒኤስኤን ካንሰር ለመፈለግ እንዲያግዝ ሲፈቅድ፣ ሕመም የማይሰማቸው ብዙ ወንዶች በአንድ በኩል፣ የማያይ መርፌ በሌላ በኩል ተገናኙ። ውጤቱን በቁጥር ያሳየው በ2009 የወጣው ታላቁ የአውሮፓ ጥናት ነው። በፒኤስኤ መመርመር በበሽታው መሞትን በ20 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ነገር ግን አንድ ሞት ለማዳን 1,410 ወንዶች መመርመር፣ ተጨማሪ 48 ወንዶችም መታከም ነበረባቸው። ሕክምናው ደግሞ ብዙዎችን ለሽንት መቆጣጠር ችግርና ለስንፈተ ወሲብ ይዳርጋል። ስቴሚ ራሳቸው በ2004 በአሜሪካ የፒኤስኤ ዘመን አብቅቷል ብለው ጻፉ፤ ዘመኑን ከጀመሩት አንዱ የሆነ ሰው ይህን ማለቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በ2012 የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ጤነኛ ወንዶችን በፒኤስኤ መመርመር አይመከርም አለ፤ በ2018 አቋሙን አለዝቦ፣ ከ55 እስከ 69 ዓመት ላሉት ውሳኔውን ለሰውየውና ለሐኪሙ ምክክር ተወው።

በዚሁ መካከል ብሪታንያ ውስጥ ፕሮቴክት የተባለው ጥናት 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለሦስት ከፍሎ ይከታተል ነበር፤ ለቀዶ ሕክምና፣ ለጨረር ሕክምና እና ለክትትል ብቻ። ከ15 ዓመታት በኋላ በሦስቱም ክፍሎች በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ክትትል ብቻ በተደረገላቸው ላይ በሽታው ወደ ሌላ አካል የመዛመቱ ዕድል በእጥፍ ያህል መብለጡ ግን መዘንጋት የለበትም። እንግዲህ ጎልቶ የወጣው ጉድለት ማንን ማከም ማንን መተው እንደሚገባ የሚለይ ዓይን አለመኖሩ ነበር።

ያ ዓይን በእርግጥ በሆስፒታሎች ውስጥ ከቆመ ሰንብቷል። ኤምአርአይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፕሮስቴትን ያነሣ ነበር፤ የሚነሣው ግን ከመርፌው በኋላ ነው። ካንሰር መኖሩ በናሙና ከተረጋገጠ በኋላ ቀዶ ሐኪሙ «ከእጢው ሽፋን ወጥቷል ወይስ አልወጣም?» ብሎ ሲጠይቅ ምስሉ ይታዘዛል። ይህ ቅደም ተከተል የራሱን ጉዳት ያመጣ ነበር፤ መርፌው ያፈሰሰው ደም ምስሉን ስለሚያደናግር ሕመምተኛው ሳምንታት መጠበቅ ነበረበት። አንድ መሣሪያ በተሳሳተ ቦታ ተሰልፎ ሲገኝ መሣሪያው ደካማ ነው ይባላል፤ በኤምአርአይ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

በቴክኒኩ በኩል ትልቁን ለውጥ ያመጣው የውኃ ቅንጣቶችን እንቅስቃሴ የሚለካው የኤምአርአይ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ ስትሮክን ለማየት በአንጎል ላይ የዋለ ነበር። ጤናማ የፕሮስቴት ሥጋ በፈሳሽ የተሞሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ስላሉት ውኃ እንደ ልቡ ይንቀሳቀስበታል፤ ካንሰር ግን ሕዋሳቱ ተጨናንቀው ስለሚቆሙ ውኃው መንገድ ያጣል፣ በገበያ ቀን መርካቶ ውስጥ እንደ ገባ መኪና። በምስሉ ላይ የሚታየው ያ መጨናነቅ ነው። ከዚህ የበለጠው ነገር ደግሞ ጠበኛው ካንሰር ይበልጥ የተጨናነቀ፣ ለዘብተኛው ብዙ ጊዜ የማይታይ መሆኑ ነው። ሌላ ምርመራ ቢሆን ካንሰር ማሳጣቱ እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር፤ እዚህ ግን የማይገድለውን አለማየት ጥቅም ሆነ። በ2012 የአውሮፓ ባለሙያዎች ምስሉ የሚነበብበትን ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ አወጡ፤ እርሱም ከአሜሪካውያኑ ጋር በጋራ ተሻሻለ።

ያም ሆኖ አሠራሩን የቀየረው ቴክኒኩ ብቻ አልነበረም። የቀየረው የመለኪያው ሐቀኝነት ነው። እስከዚያ ድረስ የምስሎች ብቃት የሚለካው እጢያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ወንዶች ላይ ነበር። እነርሱ ግን አስቀድሞ ካንሰር የተገኘባቸው ናቸው፤ ስለ ተራው ተጠርጣሪ የሚናገሩት ጥቂት ነው። በምጣኔ ሀብት ጥናት የምርጫ መዛባት የሚባለው ይህ ነው። በብሪታንያ በ11 ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2017 የወጣው ፕሮሚስ የተባለ ጥናት ይህን ለማስቀረት ከባድ መንገድ መረጠ። 576 ወንዶች፣ ሁሉም ሦስቱንም ምርመራ አደረጉ፤ ኤምአርአይ፣ የተለመደውን መርፌ፣ እንዲሁም በሙሉ ማደንዘዣ እጢውን በየአምስት ሚሊ ሜትሩ የሚወጋ ጥልቅ ናሙና። የኋለኛው እውነቱን የሚናገር ዳኛ ሆነ፤ የአንዱን ምርመራ ውጤት የሚያነበው ሰውም የሌላውን አያውቅም ነበር።

ዳኛው የሰጠው ፍርድ የሚያስደነግጥ ነበር። ትርጉም ያለው ካንሰር ካለባቸው 100 ወንዶች ኤምአርአይ 93ቱን ሲጠቁም፣ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የተሠራበት መርፌ ያገኘው 48ቱን ብቻ ነው። ትርጉም ያለው ካንሰር ላለባቸው ወንዶች የመርፌው መልስ ሳንቲም ጥሎ ከመወሰን ብዙም አልተሻለም ማለት ነው። በሌላ ወገን ኤምአርአይ የሚያነሣው የሐሰት ጥርጣሬ ብዙ ነው፤ ትርጉም ያለው ካንሰር ከሌለባቸው 100 ወንዶች በትክክል የሚያሰናብተው 41 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ኤምአርአይ የመርፌ ምትክ ሳይሆን የመርፌ በረኛ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ከቁጥሮቹ ራሳቸው ወጣ። ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ሩብ ያህሉ ወንዶች ሳይወጉ መቅረት ይችሉ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በ11 አገሮች 500 ወንዶችን በዕጣ የለየው ፕሪሲዥን የተባለው ጥናት ይህንኑ በተግባር ፈተነው። ኤምአርአይ በቀደመበት ወገን ትርጉም ያለው ካንሰር በ38 በመቶው ላይ ተገኘ፤ በተለመደው መርፌ 26 በመቶ ነበር። የማይጎዳው ካንሰር መገኘት ደግሞ ከ22 ወደ 9 በመቶ ወረደ፤ በኤምአርአዩ ወገን ካሉት 28 በመቶው መርፌ አላስፈለጋቸውም። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ጊዜ የቀነሱበት ውጤት በዚህ ዘርፍ ብርቅ ነው። በ2019 የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ኤምአርአይን ከመርፌ በፊት አስቀመጠ። እዚህ ላይ የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ሚና ሊታለፍ አይገባም፤ ሐኪም በሚወስደው ናሙና ቁጥር በሚከፈልበት ሥርዓት ውስጥ መርፌን የሚቀንስ ጥናት ባለቤት ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በሽታው ከእጢው ወጥቶ እንደሆነ ማየት ሌላ ታሪክ አለው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠራበት የአጥንት ስካን ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይጠቀማል። የሚያሳየው ግን ካንሰሩን ሳይሆን አጥንቱ ለካንሰሩ የሰጠውን ምላሽ ነው፤ የቆየ ስብራትና የመገጣጠሚያ ሕመምም እንደዚያው ይበራሉ። ካንሰሩን ራሱን የማየት ሙከራ የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ በቡፋሎ ከአንድ ሕመምተኛ ሊምፍ ዕጢ ተወስደው በላቦራቶሪ በሚራቡ ሕዋሳት ላይ፣ ኋላ ፒኤስኤምኤ የተባለውን የሕዋስ ገጽ ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ አካል ተገኘ። በ1996 በዚህ ላይ የተመሠረተ የምስል መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ነገር ግን ፀረ አካሉ የሚይዘው የፕሮቲኑን የውስጥ ክፍል ስለ ነበር በዋናነት የሚደርሰው ወደ ሞቱ ሕዋሳት ነው፤ ምስሉም ደብዛዛ ሆነ። በመካከል ሌሎች የፔት ስካን መድኃኒቶች መጡ፤ በ2012 ኮሊን፣ በ2016 ደግሞ «አክሱሚን» የተባለው (ስሙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ምን እንደሚያስታውስ አምራቾቹ ያሰቡበት አይመስልም)። የጀርመን ሃይደልበርግ ተመራማሪዎች በ2011 ግድም በፕሮቲኑ የውጭ ክፍል ላይ የምትጣበቅ ትንሽ ቅንጣት ከጋሊየም 68 ጋር አቆራኝተው በሰው ላይ ሲሞክሩ፣ የጥቂት ሚሊ ሜትር ሥርጭት ሳይቀር በጨለማ ውስጥ እንደ ክብሪት ይታይ ጀመር።

በ2020 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ካንሰራቸው ጠበኛ የሆነ 302 ወንዶችን ይዞ፣ አዲሱ ስካን ሥርጭትን በመለየት 92 በመቶ ትክክል፣ የአጥንት ስካንና ሲቲ በአንድነት 65 በመቶ ትክክል መሆናቸውን አሳየ። የጨረሩም መጠን ከግማሽ በታች ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር አሜሪካ ይህን ስካን በሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ፈቀደች፤ ከዚያ ወዲህ አጠቃቀሙ በፍጥነት ተስፋፍቷል።

ይሁን እንጂ ጥናቱ የለካው የማየት ትክክለኛነትንና የሕክምና ዕቅድ መቀየርን ነው፤ ዕድሜ መርዘምን አልለካም። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ ምሳሌ ይበቃል። በአንድ ትምህርት ቤት በ«ሀ» ክፍል 80፣ 70 እና 60 ያገኙ ሦስት ተማሪዎች፣ በ«ለ» ክፍል 40 እና 30 ያገኙ ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። 60 ያገኘው ልጅ ወደ «ለ» ቢዛወር የ«ሀ» አማካይ ከ70 ወደ 75፣ የ«ለ» አማካይ ከ35 ወደ 43 ይወጣል። ሁለቱም ክፍሎች «ተሻሻሉ»፤ አንድ ነጥብ የጨመረ ተማሪ ግን የለም። አልቫን ፋይንስታይንና ባልደረቦቻቸው በ1985 በሳንባ ካንሰር ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የተሻለ ምስል ስውር ሥርጭት ያለባቸውን ከ«ቀላል» ወደ «ከባድ» ምድብ ሲያዛውር የሁለቱም ምድቦች የመኖር ዕድል የረዘመ ይመስላል። በ2005 ደግሞ አልበርትሰንና ባልደረቦቻቸው ከ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀሩ የፕሮስቴት ናሙናዎችን በአዲሱ ልማድ እንደገና አስነብበው ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ ደረጃው ከፍ አለ፣ በየደረጃው ያለው የመዳን መጠን «ተሻሻለ»፣ ሰዎቹ ግን እነዚያው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በፔት ስካን ዘመን ያሉ ሕመምተኞችን ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር የሚያነጻጽር ማንኛውም ሠንጠረዥ ይህን ፈተና ማለፍ አለበት።

ፔት ስካኑን ወደ መጀመሪያው ፍለጋ የማምጣት ሙከራም ተጀምሯል። በ2021 ፕራይመሪ በተባለ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ስካኑ በኤምአርአይ ላይ ሲታከል ትርጉም ካላቸው ካንሰሮች የተገኙት ከ83 ወደ 97 በመቶ ከፍ አሉ፤ ከካንሰር ነፃ የሆኑትን በትክክል ማሰናበት ግን ከ53 ወደ 40 በመቶ ወረደ። የ1990ዎቹ ፒኤስኤም በዚህ መልክ ነበር የጀመረው፤ ብዙ የሚያይ ምርመራ መጀመሪያ መጣ፣ ምን እንደሚደረግበት ኋላ ተጠየቀ።

ለፖሊሲ አውጪ ደግሞ ከትክክለኛነት ያልተናነሰ ነገር የንጥረ ነገሮቹ ዕድሜ ነው። ጋሊየም 68 በ68 ደቂቃ፣ ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ኃይሉን በግማሽ ያጣል። ፍሎሪን 18 ሳይክሎትሮን ባለበት ከተማና በጥቂት ሰዓታት ጉዞ ዙሪያ ብቻ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው፤ ጋሊየም ከትንሽ ጀነሬተር ሊወጣ ቢችልም ጀነሬተሩ በዓመት ውስጥ ግድም ይደክምና በውጭ ምንዛሪ መተካት አለበት። ኤምአርአይ በበኩሉ በተቃራኒው አቅጣጫ እየሄደ ነው። በ2025 የወጣው ፕራይም የተባለ ጥናት፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ማቅለሚያ ትቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ አጭር ኤምአርአይ ከሙሉው እኩል፣ ሁለቱም በ29 በመቶ ያህል ወንዶች ላይ፣ ትርጉም ያለው ካንሰር እንደሚያገኝ አሳይቷል። ማቅለሚያ የለም፣ በአንድ ማሽን የሚስተናገደው ሰው በእጥፍ ያህል ሊጨምር ይችላል። በዚህ ዘርፍ ርካሹ አማራጭ ጥሩም ሆኖ የተገኘበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ሆኖም አዘጋጆቹ ሆስፒታሎቹን ከማሳተፋቸው በፊት የየማሽኑን የምስል ጥራት መርምረዋል፤ ውጤቱም የተገኘው በሠለጠኑ አንባቢዎች ዓይን ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ ሁለት ፊት አለው። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከነጮች በእጥፍ ያህል ይበልጣል፤ መዝገቡ ግን በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውን የጎንደር ተወላጅ ከአላባማው ተወላጅ ለይቶ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ለእርሱ ምን ያህል እንደሚሠራ ከመዝገቡ ሊነበብ አይችልም። ፒኤስኤው ከፍ ያለበት ሰው ከመርፌ በፊት ኤምአርአይ እንዲታዘዝለት መጠየቁ ግን በየትኛውም መዝገብ የተደገፈ ነው።

ሁለተኛው ፊት አገር ቤት ነው። የላንሴት ኮሚሽን በ2024 እንደ ገመተው በዓለም በየዓመቱ የሚገኘው አዲስ የፕሮስቴት ካንሰር በ2020 ከነበረው 1.4 ሚሊዮን በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ጭማሪው በይበልጥ የሚከብደው በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ላይ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው አጥንት ከገባ በኋላ ነው። ለእርሱ ከላይ የተዘረዘረው ክርክር በሙሉ ዘግይቷል። የሚያስፈልገው ፒኤስኤ የሚለካ ላቦራቶሪ፣ ናሙናውን በሳምንታት ሳይሆን በቀናት የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ የወንዴ ሆርሞንን የሚያቆም ሕክምናና የሕመም ማስታገሻ ነው። ሆርሞንን ማቆም በሽታውን እንደሚገታ ቻርልስ ሀጊንስ ያሳዩት በ1941 ነው፤ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚፈጸም፣ ጀነሬተርም ሳይክሎትሮንም የማይጠይቅ ነው። የዳያስፖራ ማኅበራት ገንዘብ ሲያዋጡ ዓይናቸው ቶሎ የሚያርፈው ፎቶ በሚነሣለት ማሽን ላይ ነው። በታሪኩ ቅደም ተከተል ከሄድን ግን የመጀመሪያው ወጪ የፓቶሎጂ ባለሙያ ደመወዝ፣ ሁለተኛው ቀድሞውኑ በአገሪቱ ባሉት ኤምአርአዮች ላይ አጭሩን ምርመራ የሚያነቡ ራዲዮሎጂስቶችን ማሠልጠን ይሆናል፤ ፔት ስካኑ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።